ማክሰኞ በ11 ሰዓት፦ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ማዕከል ለማን ነው የሚነደፈው?

ጅማ ላይ ለአርክቴክቸርና ለስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከአፌ እንደወጣ ነው የጻፍኩት፤ የደጋገምኩትንም አልሰረዝኩም።

እንደምን አደራችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ቡልታን!

ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። የፊት ወንበር ለክብር እንግዳ ነው ብላችሁ እንደሆነ ዛሬ የክብር እንግዳ የለም፤ ኑ ተቀመጡ። አባቶቼና እናቶቼ፣ ከሰፈር ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከማወራው ውስጥ ከተማሪዎቹ ይልቅ እናንተ የምታውቁት ይበዛል።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ስታዲየም ወይም ጂምናዚየም ሲመረቅ በቦታው የነበረ እጁን ያውጣ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እሺ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት ኳስ ሊጫወት፣ ሊሮጥ፣ ወይ ጓደኛው ሲጫወት ሊያይ ሜዳ የወጣስ? አያችሁ? አሁን ልቆጥረው አልችልም።

ሥዕሉ ላይ ግን ሁሌም ምረቃው ነው ያለው። እኛ አርክቴክቶች በኮምፒውተር የምናወጣውን ምስል አይታችሁት የለ? ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሣሩ ለምለም ነው፣ ትሪቡኑ ሞልቷል፣ ፊኛ ሁሉ ይበራል። ለመሆኑ የጅማ ሰማይ በዓመት ስንት ቀን ነው እንደዚያ የሚጠራው? ማክሰኞን የሚስል የለም። ማክሰኞ በ11 ሰዓት ዝናብ ያባራ፣ መሬቱ ገና ያልጠጣ፣ አርባ ልጅ ጫማውን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሞ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚልበትን ሰዓት የሚስል የለም። እኔም ለብዙ ዓመት አልሳልኩትም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ልናዘዝ ነው ብትሉ አልቀየምም።

አራት ነገር ነው የምናገረው፤ ውሃ፣ ፀሐይ፣ አዳራሽ፣ በር። ውሃው ላይ እቆያለሁ። ጅማ ነን እኮ!

አንደኛ፣ ውሃ።

ያደግሁት እዚሁ ነው፤ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በሲባጎ አስረን ነበር የምንጫወተው። ሜዳችን አንድ ጥግ ነበረው፤ «ባህር» እንለዋለን። ኳሱ ባህር ከገባ የመታው ሰው ነው የሚያወጣው። የጨርቅ ኳስ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚከብድ የምታውቁ አላችሁ፤ ድንጋይ ነው። ባህር የሚደርቀው ኅዳር ገብቶ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ምንም ቢያደርግ አይደርቅም። አመድ ደፍተንበታል፣ ጠጠር በትነንበታል፣ አንዴ እንዲያውም ከቡና መፈልፈያ ገለባ በማዳበሪያ ተሸክመን ሞልተነዋል። ሸተተ እንጂ አልደረቀም።

አደግሁ፣ ተማርኩ፣ አርክቴክት ሆንኩ። በአንድ ከተማ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሜዳና ትሪቡን እንድንሠራ ቦታ ተሰጠን። ቀያሹ መሣሪያውን ተከለ፣ የአፈር መፈተሻ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሁሉም በደንቡ ነው። በመሐል ላም የሚያግዱ አንድ አዛውንት መጡና ዘንጋቸውን ወደ ሰሜን ጥግ ቀስረው «ልጄ፣ ከብቶቼ እዚያ ጋ አይተኙም» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኳቸው። በትሕትና ነው ያልኳቸው፤ ግን አልሰማኋቸውም። ጉድጓዱን የቆፈርነው በየካቲት ነበር። አፈሩ ደረቅ ነው፣ ሪፖርቱ ንጹሕ ነው። በሐምሌ ተመልሰን ስንሄድ ውሃ ቋጥሯል። የቱ ጋ? እሳቸው ያሉት ቦታ ላይ። እዚያ ምን ነበር? ጎሉ! የልጅነቴን ባህር ሀገር ቀይሬ ሄጄ ጎል ተክዬበት መጣሁ።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ሳይት ስትሄዱ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። ሁለት ጊዜ መሄድ ካልቻላችሁ ከብት የሚያግድ ሰው ፈልጉ። የምቀልድ መስሏችሁ እንዳይሆን!

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ያውም የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይጎትታል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ይህን ያዙ። የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ አንድ ጥሩ ዝናብ መጣና 30 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። ስንት ሊትር ሆነ? 214,200። በ10,000 ሊትር ቦቴ ስናሰላው ሃያ አንድ ቦቴ ውሃ። ሃያ አንድ ቦቴ ሜዳው ላይ ገልብጠን «ልጆች፣ በ11 ሰዓት ተጫወቱ» ነው የምንለው።

ይህ ውሃ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ካልሰጣችሁት ራሱ ይፈልጋል፤ ሲፈልግ ደግሞ አይጠይቃችሁም። መጀመሪያ ከላይ ከዳገቱ የሚመጣውን ሜዳው ሳይደርስ በቦይ ቁረጡት። የቡና ገበሬ ችግኝ ማፍያው ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከበላይ በኩል ቦይ ሳያወጣ መደብ አይሠራም። ሁለተኛ፣ የሜዳው ወገብ ከጠርዙ ከፍ ይበል። ብዙ አይደለም፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያየዋል። ሦስተኛ፣ ከሥር እንደ ዓሣ አጥንት የተዘረጋ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ የበዛበት አፈር፣ ከዚያ ሣር።

እዚህ ላይ የሚሆነውን ታውቃላችሁ? ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ቱቦው ነው። ለምን? አይታይማ! ትሪቡኑ ይታያል፣ መግቢያው ላይ ያለው ቅስት ይታያል፣ ቱቦው አይታይም። አንድ ባለሙያ ስብሰባ ላይ «ኢንጂነር፣ መሬት ውስጥ ገንዘብ አትቅበር» ብሎኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አሁን ቢሆን አልስቅም።

ሌላው አፈሩ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ቀይ አፈር ነው፣ እሱ መልካም ነው። ዝቅ ስትሉ፣ ረግረጉ ጋ ስትጠጉ፣ ጥቁሩ ዋልካ ይመጣል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። በዚህ ላይ የመሮጫ መም ብታነጥፉ፣ የላዩ ጎማ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ጀርባው እንደ ግመል ይሆናል። ዋልካው ይውጣ፣ በገረጋንቲ ይተካ፣ በሩሎ ይጠቅጠቅ። አቋራጭ የለውም።

አንድ የምሥራች ደግሞ አለ። የአዳራሹ ጣሪያ 50 በ40 ሜትር ቢሆን 2,000 ካሬ ነው። በዓመት የሚወርድበት ውሃ 3 ሚሊዮን ሊትር! አሸንዳው የሚንጠባጠበውና በትነት የሚሄደው ይቅር፣ ከዚያ ግማሹን ብንይዝ 150 ቦቴ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ግን መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም ተብሎ ተቆልፎ፣ ጥበቃው በጄሪካን ሲቀዳ ታገኙታላችሁ። ከላይ እየዘነበ! ይሄ እንቆቅልሽ አይደለም እንዴ?

እሺ፣ ውሃው ወሰደኝ። ሁለተኛው ፀሐይ ነው፤ በሱ ቶሎ አልፋለሁ።

ጨዋታ የሚኖረው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ተማሪ ከክፍል የሚወጣውም ያኔ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብላለች። ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ አንደኛው በረኛ ግማሹን ጨዋታ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን። ዋናው መቀመጫ በምዕራብ በኩል ይሁን፤ ያኔ ፀሐይ ለተመልካቹ ከጀርባው ትሆናለች። የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች «ጥላ ፎቅ» ብሎ ስም ያወጣው በከንቱ አይደለም። በሌሎቹ የስታዲየሙ መቀመጫዎች፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ፣ የሚቀመጠው ሰው ጥላ ስንት ብር እንደሚያወጣ ጠንቅቆ ያውቃል።

አቅጣጫ በነፃ ነው የሚገኘው። ሲሚንቶ አይፈጅም፣ ፌሮ አይፈጅም። መጀመሪያ ቀን ወረቀቱን አዙሮ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ቦታው ጠቧል ተብሎ ሜዳው ከተጣመመ ግን በኋላ ማንም አያቃናውም።

ለስፖርት ሳይንስ ልጆች ስለ መሙ ቃል ገብቼ ነበር፤ ከረሳሁት ይቀየሙኛል። የ400 ሜትር መም ቀጥታው 84.39 ሜትር ነው፣ የኩርባው ሬዲየስ እስከ ውስጠኛው ጠርዝ 36.50 ሜትር። አሁን አስሉት። 400 ይመጣል? አይመጣም፤ 398 ከምናምን ነው። ለምን? ሯጭ ጠርዙን ረግጦ አይሮጥም። ርቀቱ የሚለካው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ነው። በ36.80 አስሉት፣ 400 ልክ ይወጣል። አንድ ፎርማን ይህችን 30 ሳንቲ ሜትር ቢረሳና መለኪያውን ጠርዙ ላይ አድርጎ ቢሠራስ? በአንድ ዙር 1.88 ሜትር ይሳሳታል። በ10,000 ሜትር፣ በ25 ዙር፣ 47 ሜትር! 10,000 ሜትር ሀገራችንን ያስጠራ ርቀት ነው። ልጁ ልምምድ ላይ ሰዓት እያየ ይደሰታል ወይ ያዝናል፤ ለካስ የሮጠው ሌላ ርቀት ኖሯል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩ። ሜዳ መለካት ነውር የለውም።

ሦስተኛ፣ አዳራሽ።

ይህም የራሴ ጥፋት ነው፤ ከተማውን አሁንም አልጠራም። የመረብ ኳስና የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሠራን። ጣሪያው አንድ ልብስ ቆርቆሮ ነው። ሥዕሉ ላይ ከሥሩ ድምፅ የሚይዝ ኮርኒስ ነበረው፤ በጀት ሲቀነስ ኮርኒሱ ወጣ፣ እኔም ፈረምኩ። በኋላ የሴቶች መረብ ኳስ ጨዋታ እንድመለከት ጋበዙኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዝናብ መጣ። ዝናብ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጠጠር ከገልባጭ መኪና የሚራገፍ ነው የሚመስለው። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ጉንጩ ሲነፋ አያለሁ፣ ድምፁን አልሰማም። ልጆቹም አልሰሙም፤ ነጥቡ አልቆ ይጫወታሉ። ደግሞ ነፋ። አንዷ ልጅ ኳሷን ለማቀበል እየዘለለች ነው፣ ሌላዋ ቆማለች፣ ኳሷ ጭንቅላቷ ላይ አረፈች። በመጨረሻ ዳኛው ከመሰላሉ ወርዶ ሁለት እጁን እያውለበለበ መሐል ሜዳ ገባ። አሠልጣኟ ወደ እኔ ዞር ብላ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ጮኸች፦ «ኢንጂነር፣ የሠራህልን አዳራሽ ነው ከበሮ?»

ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለን ዝናብ አዳመጥን። ይህ የሆነው ክረምት እንኳ ሳይገባ፣ በሚያዝያ ነው። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ በዓመት ስንት ከሰዓት ይበላል? እናንተው አስሉት። ስለዚህ ድርብ ቆርቆሮ፣ በመሐሉ ሙቀትና ድምፅ የሚይዝ ሙሌት። ይወደዳል፤ አዎ ይወደዳል። ከፊት ያለውን መስታወት ቀንሱና ጣሪያው ላይ ጨምሩት።

ብርሃንም እንዲሁ። ብርሃን የሚያሳልፈውን ፕላስቲክ ቆርቆሮ ሜዳው አናት ላይ አታድርጉት። የመረብ ኳስ ተጫዋች ሥራዋ ወደ ላይ ማየት ነው፤ ታሳውሯታላችሁ። መስኮቱ ከፍ ብሎ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ይሁን። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በ8 ዲግሪ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ በሁለቱም በኩል ከፍ ብላ ስለምትሄድ ትንሽ የጣሪያ መውጣት ትከልላታለች። ምሥራቅና ምዕራቡን ግን ዝጉት። ልኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ 40 በ20 የሆነው የእጅ ኳስ ሜዳ ከነዙሪያው ከገባላችሁ 28 በ15 የሆነው ቅርጫት ኳስም፣ 18 በ9 የሆነው መረብ ኳስም ይገባል።

ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በጉብኝት ዓይን አይታችሁታል። በአርክቴክት ዓይንስ? እንጨት ነው። ይህ ሁሉ ዝናብ እየወረደበት ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ዕድሳት እንዳለ ሆኖ። በረንዳው ጥልቅ ነው፣ ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ ይወጣል። ሰው ከዝናብ ሳይሸሽ ውጭ ቆሞ ግቢውን ያያል። እኛ ደግሞ በዝናብ ሀገር በረንዳ የሌለው ሳጥን እንሠራና ጨዋታ የሚጠብቀው ልጅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይረጥባል። በረንዳ ስጡት! ማክሰኞ በ11 ሰዓት በረንዳ ከትሪቡን ይበልጣል።

አራተኛ፣ በር። ሰዓቱ ሄዷል፤ ግን ይህን ሳልናገር አልወርድም።

ለአንድ ጥናት ሴት ስፖርተኞችን ሳነጋግር አንዷ ተማሪ ከማደሪያዋ ጀምሮ የስፖርት ልብሷን ከረጅም ቀሚሷ ሥር ለብሳ እንደምትመጣ ነገረችኝ። «መልበሻ ክፍል የለም?» አልኳት። «አለ፤ በሩ ሲከፈት ግን ከሜዳው ውስጡ ይታያል» አለችኝ። በቃ። አንድ በር። በሩ ፊት የ2 ሜትር ከለላ ግድግዳ ቢሠራ ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር። ይህን የሳለው ሰው ክፍሉን ስሏል፣ ቁጥር ሰጥቶታል፣ «የሴቶች መልበሻ» ብሎ ጽፎበታል። በሩ ሲከፈት ከሜዳ ማን ምን ያያል ብሎ ግን አልጠየቀም። ልጆች፣ እኅቶቻችሁን ጠይቁ። ሳትስሉ በፊት ጠይቁ!

የመውጫ በር ነገር ደግሞ የሞት ሽረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አክራ ላይ ግርግር ተነሥቶ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ ሰው ሲሮጥ በሮቹ ተቆልፈው ተገኙ። ከ120 በላይ ሰው ሞተ። በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ጨዋታ ባለበት ሰዓት አይቆለፍ፤ ትሪቡኑ በ8 ደቂቃ ውስጥ ባዶ እንዲሆን አስሉ። የእንግሊዞች መመሪያ ይህን ቁጥር የያዘው ብዙ ሰው ቀብረው ነው።

መወጣጫም እንዲሁ። 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር መንደርደሪያ፣ ከዚያ በላይ ቀጥ አይበል። «ዊልቼር ይዞ ስታዲየም የሚመጣ ማን ነው?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አበበ ቢቂላ! ሮምና ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው አበበ በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት ዊልቼር ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንግሊዝ ሄዶ በቀስት ተወዳድሯል። እኛ በሳልነው ሜዳ ይገባ ነበር? ደረጃው ሥር ይቀር ነበር።

ብሔራዊ ቡድናችን ሜዳዎቻችን መስፈርት አላሟሉም ተብለው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ተጫውቷል። ይህ እንደ ጅማ ላለ ከተማ ያማል፤ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እዚህ የነበረውን ደስታ አስታውሱ። እና ገምጋሚ ሲመጣ የሚያየው ምንድን ነው? ሣሩን፣ መልበሻ ክፍሉን፣ መብራቱን፣ መጸዳጃውን፣ መውጫውን። ቅስቱን አይደለም! የማክሰኞዎቹ ልጆች የሚፈልጉትና የአፍሪካ እግር ኳስ አስተዳዳሪው ካፍ የሚፈልገው ብዙ አይራራቅም።

የመጨረሻው በር የግቢው በር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ተማሪው ወደ ገጠሩ፣ ወደ ሰፈሩ ይወጣል። ታዲያ የሰፈሩ ልጅስ ወደ ሜዳው ይገባል? ማዕከሉን ግቢው ልብ ውስጥ ከተከላችሁት መታወቂያ የሌለው አይገባም። ጠርዝ ላይ፣ መንገድ ዳር አድርጉት፤ አንድ በር ለግቢው፣ አንድ በር ለከተማው። የከተማው በር ቅዳሜና እሑድ ይከፈት። ጥበቃው እንዴት ይሆናል? ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል? እሱም ዲዛይን ነው! ቁልፍ ያዡ የሚቀመጥባትን ክፍል በሥዕሉ ላይ ስታስገቡ ያኔ ቁልፉ የት እንደሚገኝ ይታወቃል፤ መስኮቷ ሁለቱንም በር የምታሳይ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ምድጃ የምታስቀምጥ ትንሽ ክፍል። እስካሁን ካየኋቸው ፕላኖች ውስጥ ይህች ክፍል ያለችበት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የእኔ አይደለም።

ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ስድስት እጅ ወጥቷል። ግን እዚያ በር ላይ ጋሼ ቁልፉን በጣታቸው እያዞሩ ቆመዋል፤ ሰዓታችን አልቋል ማለት ነው። ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡን። ጥያቄውን በረንዳ ላይ እንቀጥል፤ ውጭ ደግሞ ማካፋት ጀምሯል፣ በረንዳው ስንት ሰው እንደሚይዝ አብረን እናያለን።